ጥርስን በአላይነር ማስተካከል፦ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ሪቴይነር

ሽቦ ሳይታሰር ጥርስ የሚያስተካክለው ግልጽ ፕላስቲክ፣ አላይነር የሚባለው፣ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ይገባል፣ ይወጣል፣ ሰውም ልብ አይለውም። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ቅለቱ ነው። የታሰረ ሽቦ ቀንም ሌትም ሥራው ላይ ነው፤ አላይነር ግን የሚሠራው አፍ ውስጥ በዋለበት ሰዓት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከመንገድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰዓቱ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥርስ እንደ ሚስማር አጥንት ውስጥ የተመታ አይደለም፤ ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዝ ስስ ጅማት አለ። ግፊት ሳይቋረጥ ሲያርፍበት፣ በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ግፊቱ ሲነሳ የተለጠጠው ጅማት ጥርሱን ወደነበረበት መሳብ ይጀምራል። ሕክምናው በተራ በሚቀያየሩ አላይነሮች ነው የሚሄደው፤ አንድ አላይነር ጥርስን የሚገፋው ቢበዛ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጣዩ የተቀረጸው ያ ሩብ ሚሊ ሜትር ሙሉ በሙሉ ተሄዷል ተብሎ ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት የሚባለው ለዚህ ነው። «ዛሬ ያላደረግሁትን ነገ አካክሳለሁ» የሚባል ነገር እዚህ ጋ አይሠራም።

ከመጀመርዎ በፊት

አላይነር በደንብ የሚይዘው መጠነኛ መደራረብን፣ ክፍተትን እና ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ያዘነበለ የፊት ጥርስን ነው። ክብ ቅርጽ ያለው ጥርስ ሲዞር፣ በተለይ ክራንቻ፣ ፕላስቲኩ የሚይዝበት ጠርዝ ስለሌለው ይቸገራል። አጥሮ የቀረን ጥርስ ወደ ታች መሳብም እንዲሁ። የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራሱ የማይመጣጠን ከሆነ ጉዳዩ ከፕላስቲክ በላይ ነው። ተተክሎ የገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ማለትም ኢምፕላንት፣ ከአጥንቱ ጋር ስለተዋሐደ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ በድልድይ የተያያዙ ጥርሶችም አንዱ ያለ ሌላው አይሄዱም። እነዚህ ካሉዎት ዕቅዱ ሲወጣ በግልጽ ይናገሩ።

የተቦረቦረ ጥርስና የሚደማ ድድ አስቀድሞ መታከም አለበት። በድድ በሽታ የሳሳ አጥንት ላይ ጥርስ መግፋት ጥርሱን ማናጋት ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ ሰዎች አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ንቅሳቱ የድድን መቅላት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቀለሙን ትተው ሲቦርሹ ይደማ እንደሆነ ይከታተሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የሙሉ አፍ ራጅ፣ ፎቶግራፍ፣ ከዚያም በስካነር ወይም በሊጥ መሰል ነገር የጥርስ ልክ ይወሰዳል። ራጅ ሳያነሣ አላይነር የሚሸጥልዎት ካለ ይለፉት፤ የሥር ርዝመት፣ የአጥንት መጠን እና የተደበቀ ጥርስ ከላይ አይታይም። የጥርስ ልክን በራስ ቤት ወስዶ በፖስታ የመላክ መንገድም ነበር፤ በዚህ መስክ ስሙ የገነነው የአሜሪካ ኩባንያ ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ብዙ ደንበኞቹ ሕክምናው መሐል ላይ እያለ የሚጠይቁት ሰው አጡ። የሚያይዎት ሐኪም፣ በተለይ ኦርቶዶንቲስት (ጥርስ በማስተካከል የሠለጠነ ስፔሻሊስት)፣ አቅራቢያዎ ይኑር።

ዕቅዱ በኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ ጥርስዎ ሲንቀሳቀስ ያሳዩዎታል። ያኔ ዝም ብለው አይደነቁ፤ ይጠይቁ። ስንት አላይነር ነው? በስንት ቀን ይቀየራል? ከጥርስ መካከል ይሞረዳል ወይ፣ የትና ምን ያህል? (ቦታ ለማግኘት ከኢናሜሉ፣ ማለትም ከጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ የሚነሣው በአንድ መገናኛ ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።) ካለቀ በኋላ ቀሪ ማስተካከያ ቢያስፈልግ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አይዝለልዎ፤ ተጨማሪ ዙር መደረጉ የተለመደ ነው።

ፍንጭት ላላቸው ደግሞ ለብቻው የሚነገር አለ። እኛ ዘንድ የላይኛው የፊት ጥርስ ፍንጭት ውበት ነው፤ ዕቅዱን የሚያወጣው ሶፍትዌር ግን ክፍተትን የሚዘጋ ጉድለት አድርጎ ነው የሚያየው። እንዲቆይልዎ ከፈለጉ ዕቅዱ ሳይጸድቅ «ፍንጭቴ እንዳለ ይቆይ፣ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ይሁን» ብለው ያስጽፉ። ከተዘጋ በኋላ መልሶ መክፈት ሌላ ሕክምና ነው።

ጉብታዎቹና የመጀመሪያው ቀን

አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ላይ አታችመንት የሚባሉ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ጉብታዎች ይለጠፋሉ። ጥርሱ በአሲድ ይሻክራል፣ ኮምፖዚት የሚባል የጥርስ መሙያ ይቀመጣል፣ በሰማያዊ መብራት ይደርቃል። ፕላስቲኩ ጥርሱን ጨብጦ ማዞርና መሳብ የሚችለው በእነሱ ነው። ወንጂ፣ መተሐራና ዝዋይ አካባቢ፣ ፍሎራይድ በበዛበት ውሃ ያደጉ ሰዎች ቡናማ የሆነው ኢናሜላቸው ማጣበቂያውን እንደ ሌላው ጥርስ አይይዝም፤ ጉብታው ቶሎ ቶሎ ሊነቀል ስለሚችል አስቀድመው ለሐኪሙ ያሳዩ።

ከክሊኒኩ ሳይወጡ ማስገባትና ማውጣት ይለማመዱ። ሲያስገቡ ከፊት ጥርስ ይጀምሩ፤ በሁለት ጣት እየተጫኑ ወደ መንጋጋ ይሂዱ። ነክሰው አያስገቡት፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ጉብታም ይነቀላል። ሲያወጡ የሚጀመረው ከኋላ፣ በምላስ በኩል ነው። ጣትዎን የመጨረሻው መንጋጋ ላይ አስገብተው ጠርዙን ወደ ታች (ለታችኛው ወደ ላይ) ይጎትቱ፣ በሌላው በኩልም ያላቁ፣ ከዚያ ፊቱን ይንቀሉ። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣ አላይነር መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል።

አዲስ አላይነር የሚቀየረው ማታ፣ ልትተኙ ስትሉ ነው፤ የጠነከረው ግፊት በእንቅልፍ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ጥርስ ይታመማል፣ ትንሽም ይነቃነቃል፤ ይህ ጤናማ ነው። ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይመረጣል፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት አዘውትረው ሲወሰዱ የጥርሱን እንቅስቃሴ ሊያዘገዩ ይችላሉ። ጠርዙ ጉንጭ ወይም ምላስ ከቆረጠ በጥፍር ሞረድ በጥቂቱ ማለስለስ ይቻላል። ንግግርም ለጥቂት ቀናት ይንተባተባል፤ በተለይ ስ፣ ዝ፣ ሽ እና ጽ ያፏጫሉ። በቀን 15 ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ ምላሱን ቶሎ ያስለምደዋል።

ሰዓቱ፣ ምግቡ፣ ቡናው

ሂሳቡን እናውጣው። ቁርስ 20 ደቂቃ፣ ምሳ 35፣ እራት 35፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ለመቦረሽ 5 ደቂቃ። ድምሩ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። 22 ሰዓት ለማሟላት የቀረዎት 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቆሎ እየቆረጠሙ ማምሸት፣ ከሰዓት በኋላ ብስኩት፣ ከጎረቤት የመጣ ጉርሻ፣ ሁሉም ከዚያ 15 ደቂቃ ላይ ነው የሚቀነሰው። አላይነር እንዳለ ማኘክ ደግሞ አይቻልም፤ ፕላስቲኩ ይደቃል። ሳያወጡት የሚጠጣው ውሃ ብቻ ነው። ለስላሳ መጠጥ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ፕላስቲኩ ሥር ገብቶ ይቀመጣል፣ ምራቅ አያጥበውም፤ ጥርሱ በስኳር እንደተዘፈዘፈ ይሆናል።

ቡናው ነው ከባዱ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የቀኑን ሁለት ሰዓት ብቻውን ይበላዋል። ትኩስ ቡና አላይነሩ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ያጣምመዋል፣ ቢጫም ያደርገዋል። የሚሻለው ቡናውን ከምሳ ጋር ማያያዝ ነው፦ በልተው እንዳበቁ ቡናው ይቀጥል፣ አንዴ ያውጡ፣ አንዴ ቦርሸው ይመልሱ። በሥራ ቀን አቦሉን ጠጥተው በውሃ ተጉመጥሙጠው መመለስ ይበቃል። የበዓል ቀን ሆኖ ሦስት አራት ሰዓት ከወጣ፣ ያንን አላይነር አንድ ቀን ያቆዩት። 20 አላይነር በየ10 ቀኑ ሲቀየር 200 ቀን ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ 3 ቀን ቢጨመር 260 ቀን ይሆናል። ሁለት ወር መዘግየት፣ ያልተዘጋጀ ጥርስ ላይ ቀጣዩን ከመጫን በእጅጉ ይሻላል።

አላይነር የሚጠፋውም እዚያው ቡና ላይ ነው። በሶፍት ተጠቅልሎ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ የረገፈው ፈንዲሻና ቄጠማ ሲጠረግ ሶፍቱም አብሮ ይጠረጋል። ከአፍ ሲወጣ ወደ ማስቀመጫ ሳጥኑ እንጂ ወደ ሶፍት አይግባ። ኪስ ውስጥም አይቀመጥ፤ ሲቀመጡበት ይሰበራል።

ለጿሚ ሰዓቱ ይቀላል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው አላይነሩን የሚያወጣባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። አፍ ሲደርቅ ግን ሽታ ይመጣል፣ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ምላስንም መፋቅ ነው።

መስታወት ፊት

በየሁለትና ሦስት ቀኑ የስልክ መብራት አብርተው መስታወት ፊት ይቁሙ። ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ የጥርሱ ጫፍ የፕላስቲኩን ወለል ነክቷል ወይስ በመካከል የአየር ክፍተት አለ? ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጉብታ በተቀረጸለት ቦታ ሞልቶ ተቀምጧል ወይስ ከጠርዙ ተንሸራቷል? አዲስ አላይነር በገባ በመጀመሪያው ቀን እንደ ወረቀት የሳሳ ክፍተት አያስደነግጥም። ቹዊ የሚባለውን ለስላሳ የጎማ ቁራጭ ክፍተቱ ያለበት ጥርስ ላይ አድርገው ለ5 ሰከንድ ያህል ነክሰው ይልቀቁ፤ በቀን ሁለቴ ለ5 ደቂቃ ይደጋግሙት።

ክፍተቱ በመቀየሪያው ቀንም ካለ ወደ ቀጣዩ አይሂዱ። ያለውን ከ3 እስከ 5 ቀን ያቆዩት። ካልጠበበ ሐኪሙን ይጥሩ። ትንሿ ክፍተት ከቁጥር 5 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 7 እየተደመረች ትሄድና ቁጥር 8 ፈጽሞ አልገባም ይላል፤ ያኔ አዲስ ስካን ተነሥቶ አዲስ አላይነር እስኪሠራ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ጽዳት

ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽና ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል። የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ ይቧጭረዋል፣ ጭጋግም ያለብሰዋል። ሙቅ ውሃ አንድ ጊዜ በቂ ነው ቅርጹን ለማበላሸት። ጥርስዎን ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ቦርሸው፣ በመካከሉ ክር አሳልፈው ያስገቡ። መፋቂያ ለለመደ ሰው ክልክል የለውም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ይለስልስ፣ ጉብታዎቹንም በጠንካራው እንጨት አይምቱ።

ሲጠፋ፣ ሲነቀል፣ መንገድ ላይ ሲሆኑ

የጨረሱትን የመጨረሻውን አላይነር አጥበው አድርቀው ሁልጊዜ ያስቀምጡ። አሁን ያለው ከጠፋና መቀየሪያው ከ2 ወይም 3 ቀን ያልበለጠ ከቀረው ወደ ቀጣዩ መሄድ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ገና አዲስ ከነበረ ያለፈውን ይመልሱና ሐኪሙን ይጠይቁ። ባዶ አፍ መጠበቅ ነው መጥፎው፤ ጥርስ በጥቂት ቀናት ይመለሳል።

ጉብታ ከተነቀለ ሕመም የለውም፤ አላይነሩ እዚያ ጥርስ ላይ ይላላል እንጂ። ማድረግዎን ሳያቋርጡ ቀጠሮ ይያዙ።

ውጭ አገር ጀምረው ለወራት ወደ አገር ቤት የሚመጡ ካሉ፣ የሚያስፈልጓቸውን አላይነሮች በሙሉ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የስካኑን ፋይልና የዕቅዱን ቅጂም ከክሊኒኩ ይጠይቁ፤ የአንዱን ክሊኒክ ዕቅድ ሌላው በቀላሉ አይረከበውም።

ሪቴይነር

የመጨረሻው አላይነር ሲወልቅ ጥርሱ ቦታው ላይ ነው፣ አጥንቱ ግን ገና አልጠነከረም። ዞሮ የተስተካከለ ጥርስን የያዙት የድድ ክሮች እስከ አንድ ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ይስቡታል። የተስተካከለው ጥርስ እንዳይመለስ የሚይዘው ሪቴይነር ለመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ አላይነሩ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ይደረጋል፤ የየሌሊቱ ማብቂያ ቀን የለውም። ከፊት ጥርስ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦም አለ፤ እሱ ከተደረገልዎ በሥሩ በየቀኑ ክር ማሳለፍ አይርሱ፣ የጥርስ ድንጋይ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ማታ ሪቴይነሩ ሲገባ ከጠበበዎት ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ከገባ ለአንድ ሳምንት ቀንም ያድርጉት። ካልገባ በጉልበት አይግፉት፤ ያው ሳምንት ሳያልፍ ለሐኪምዎ ያሳዩት። ስካኑ ክሊኒኩ ውስጥ ካለ አዲስ ሪቴይነር ማሠራት የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።