በኮምፒውተር የተሳለ የጀልባ ብረት ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጎንደር ላይ ተነድፎ ጎርጎራ ላይ ለሚበየድ የጣና ጀልባ፣ ፕሮፋይል (የጀልባውን ላሜራ የሚያጠናክር እንደ ፍላትና የL ቅርጽ እንዳለው አንግል ያለ ብረት) ሲሳል የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም። ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት 100×8 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍላት ብረት በ1 ሜትር ርዝመት ይሳሉና ክብደቱን ይዩ። 6.28 ኪሎ መሆን አለበት።

ክብደቱ የማይመስል ሲሆን

ስህተቱ የሺህ እጥፍ ከሆነ የብረቱ እፍጋት (የአንድ ሜትር ኩብ ክብደቱ) በተሳሳተ መለኪያ ገብቷል፤ 7850 የሚጻፈው በኪሎ፣ 7.85 የሚጻፈው በቶን ለሚያሰላ ፕሮግራም ነው። የሚሊዮን እጥፍ ከሆነ ደግሞ የፕሮፋይሉ ቁመትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፎ እንደ ሜትር ተነቧል። 75×75×6 አንግል በእጅ ሲሳል 6.78፣ በሠንጠረዥ 6.85 ኪሎ በሜትር ቢል ግን አይጨነቁ፤ ልዩነቱ ከውስጠኛው ማዕዘን ክብነት የመጣ ነው።

አንግሉ ከላሜራው ውጭ ሲወጣ

ፕሮግራሙ የላሜራውን ውስጥና ውጭ የሚለየው ገጹ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው። አቅጣጫውን የሚያሳየውን ቀስት ያብሩ፤ ወደ ውጭ ካመለከተ ገጹን ራሱን ይገልብጡት። አንግሎቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ላሜራው በተስተካከለ ቁጥር ተመልሰው ይዛባሉ። አንግሉ ውስጥ ሆኖ ክንፉ ብቻ ወደተሳሳተ ጎን ከዞረ ግን የሚለወጠው የዚያ ፕሮፋይል የጎን ምርጫ ነው።

አንግሉ ወደ ጀልባው አፍንጫ ሲጠጋ የሚጠማዘዝ ከሆነ

ቁመታዊው (በጀልባው ርዝመት የሚሄደው) አንግል በየነጥቡ ለላሜራው ቀጥ እንዲል ታዟል። ስክሪን ላይ ያምራል፤ በያጁ ግን አንግል እንዲያ አድርጎ ሊጠመዝዝ አይችልም። ጥምዘዛው ከሚጀምርበት ፍሬም (ጀልባውን በወርዱ የሚይዝ የጎድን ብረት) በፊት አንግሉን ያቁሙና ከዚያ ወዲያ በፍላት ብረት ይቀጥሉ። ለፍሬሞቹ አቀማመጡን በፍሬሙ ገጽ ላይ ይቆልፉት።

ላይብረሪው (የፕሮፋይል ልኮች የሚቀመጡበት ፋይል) ላይ ተስተካክሎ ሞዴሉ ካልተለወጠ

አንዳንድ ፕሮግራም ፕሮፋይሉ ሲቀመጥ ልኩን ቀድቶ ይይዛል፤ ኋላ የሚደረገው እርማት አይደርሰውም። አዲሱን ልክ በአዲስ ስም ያስቀምጡ፣ በአሮጌው ስም ያሉትን በሙሉ መርጠው ይተኩ። ስሙን ሳይለውጡ ልኩን ብቻ መለወጥ አደገኛ ነው፦ የመቁረጫ ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ስሙ ነው፤ ሠራተኛው በአሮጌው ልክ ይቆርጣል።

ጥንካሬው አንሶ ሲታይ

ይሄኛው ብዙ ብረት ያስባክናል። ያ 100×8 ፍላት ለብቻው ሴክሽን ሞዱለሱ (መታጠፍን የመቋቋም ልኩ) 13.3 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 500 ሚሊ ስፋት፣ 6 ሚሊ ውፍረት ካለው ላሜራ ጋር ተበይዶ ሲሰላ 26.7 ይደርሳል፣ እጥፍ ማለት ነው። ስሌቱ ላሜራውን ካልጨመረ «የተያያዘ ላሜራ» የሚለውን ያብሩና በጀልባ ሥራ ሕጉ የተፈቀደውን ስፋት ይስጡት። ይህን ሳያዩ ወደ ትልቅ አንግል መዝለል ጀልባውን ማክበድ ብቻ ነው።

ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ከተከፈተ

ላይብረሪው ከሞዴሉ ተለይቶ የሚቀመጥ ፋይል ነው፤ ፍላሽ ላይ ሁለቱንም ይጫኑ።

አንድ ነገር ከስክሪን ውጭ፦ ከገበያ የመጣው 75×75 አንግል ላይ «6» ቢባልም ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ። 5 ከሆነ ሜትሩ 5.7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ላይብረሪው ውስጥ የሚገባውም ይኸው የተለካው ልክ ነው።