ተማሪ በሚኖርበት ግቢ ሥዕል ለማየት

ካምብሪጅ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የኪንግስ ኮሌጅን ቤተ ጸሎት አይቶ፣ ወንዙ ዳር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ግማሽ ቀን ካላችሁ ግን ሙሬይ ኤድዋርድስ ኮሌጅ ጎራ በሉ። የሴቶች ኮሌጅ ነው፤ ድሮ ኒው ሆል ይባል ነበር። የሥነ ጥበብ ስብስብ አለው፤ ውስጡ ያለው ከ600 በላይ ሥራ በሙሉ የሴት አርቲስቶች ነው። መግቢያ አይከፈልም።

ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ኮሌጁ ግን ከጣቢያው ይርቃል፤ በእግር ካላችሁ መሃል ከተማውን አቋርጣችሁ የካስል ሂልን ዳገት ትወጣላችሁ፣ ስለዚህ አውቶቡስ ያዙ። የጉብኝት ሰዓቱን ቀድማችሁ ድረ ገጹ ላይ እዩ። በሩ ጋ ያሉትን ፖርተሮች (የኮሌጁን በር ጠባቂዎች) ሰላም በሉና ሥዕል ለማየት መምጣታችሁን ንገሯቸው።

ከዚህ በኋላ ሙዚየም ውስጥ ያላችሁ አይምሰላችሁ። ሥዕሉ የተሰቀለው ኮሪደር ላይ ነው፣ ተማሪው ወደ ምሳ በሚመላለስበት። መሃላችሁ ሰንጥቃ የምታልፍ ልጅ ካለች መንገድ ልቀቁላት፣ ቤቷ ነው።

መጀመሪያ የአርቲስቷን የሜሪ ኬሊን «ኤክስታዝ» የተባለ ሥራ ፈልጉ። ኮሌጁ እሷን በእንግድነት አስቀምጦ ያሠራት ነበር፤ በ1986 ይህን ሥራ ሲያገኝ ስብስቡ ተጀመረ። በ1991 ደግሞ ለ100 ሴት አርቲስቶች «ከሥራዎቻችሁ ስጡን» የሚል ደብዳቤ ተላከ። ከ70 በላይ ሥራ መጣ! አብዛኛው ስጦታ ስለሆነ አንድ ወጥ ስልት አትጠብቁ፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ብዙም አይገርምም፣ እሱን ዝም ብላችሁ እለፉት።

የሠዓሊዋን የማጊ ሃምብሊንግን ሥዕል ግን እንዳታልፉ። በረሃ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴቶች የጦር መሣሪያ ሲለማመዱ ይታያል። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ እዩት፣ ከዚያ ተጠግታችሁ የብሩሹን አካሄድ ተከተሉ። እኔ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

ፍላሽ አታብሩ፣ አትንኩ፣ ወደ መኝታ ክፍሎቹ አትሂዱ። ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ፈተና ስላለ ድምፃችሁን ቀንሱ።

ግቢው ውስጥ የቀራፂዋ የባርባራ ሄፕዎርዝ የነሐስ ቅርጽ አለ፣ በ1958 የተሠራ። ለጸሎት የተገጠሙ እጆች ይመስላል። ከፊት ብቻ አይታችሁ አትሂዱ፤ ዙሩት፣ በክፍተቱም አሾልቃችሁ እዩ።