ታሪኩ የት ጋ ነው የሚያመው? ለጀማሪ ጸሐፊ ችግርና መፍትሄ

«ታሪኬ አይጥምም» ብሎ ደብተሩን የሚዘጋ ጀማሪ ብዙ ነው። እኔም ደጋግሜ ዘግቻለሁ። ግን «አይጥምም» ምንም አይነግረንም። የቱ ጋ ነው የማይጥመው? ከታች ያሉት እኔን ራሴን ያስቸገሩኝ፣ የጓደኞቼ ረቂቅ ላይም ያየኋቸው ናቸው። የማወራው ስለ አጭር ልብ ወለድ ነው። ስለ ግጥም ሌላ ሰው ጠይቁ።

«ሦስት ገጽ ጽፌ ደረቀብኝ»

ደብተሩ በመጀመሪያ ገጾች ተሞልቷል። የልጅቷ ጸጉር፣ ሰፈሩ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ሁሉ ተገልጿል። ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ብዙዎች «ስሜቱ ጠፋብኝ» ይላሉ። ስሜቱ አልጠፋም። ገጸ ባህሪዋ የምትፈልገው ነገር ስለሌለ ነው። ምንም የማይፈልግ ሰው ከተቀመጠበት አይነሳም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉ፦ ማን፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ከለከለው? ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። አንዲት እናት ቅዳሜ ለሚጓዝ ልጇ አንድ ወረቀት ላይ ማህተም ማስመታት ትፈልጋለች። ቀኑ አርብ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል። ማህተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል። በቃ! ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ይጓጓል።

«አሳዛኝ ታሪክ ነው፣ ግን ማንም አላዘነም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚህ ነው። ይህን እዩ፦

«አልማዝ ባሏ ከሞተ በኋላ በጣም አዝና ነበር። ልቧ ተሰብሮ ነበር። እንባዋ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርድ ነበር።»

የሰዋስው ስህተት የለበትም። ግን አልማዝን አላየናትም። ጸሐፊው ሐዘኑን በስሙ ስለጠራው ሥራውን የጨረሰ መስሎታል። ትንሽ ጥፋት የትምህርት ቤትም ነው። ድርሰት ስንጽፍ ማርክ የሚያሰጠን ቃላት ማሳመር ነበር። «እንደ ክረምት ጎርፍ» ከዚያ የተረፈ ነው። አንባቢ ስለለመደው ዓይኑ ዘሎት ያልፋል።

መፍትሄው፦ የስሜቱን ስም ሰርዙት። ከዚያ ጠይቁ፤ በዚያች ሰዓት እጇ ምን እየሠራ ነው?

«አልማዝ ረከቦቱ ላይ ሲኒ ደረደረች። አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእናቷ፣ አንድ ለእሱ። ቆም አለች። ሦስተኛውን ሲኒ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ንጹህ ነበር። መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።»

ሐዘን የሚል ቃል የለም። እንባም የለም። ግን ቡና ተፈልቶ አንድ ሰው የጎደለበትን ቤት የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

ሁሉን ስሜት በሲኒ አሳዩ ማለቴ ግን አይደለም። ታሪኩ የማይቆምበት ትንሽ ነገር ከሆነ «ተናደደ» ብላችሁ እለፉ። አለበለዚያ ታክሲ ለመያዝ አምስት ገጽ ይፈጅባችኋል።

«ሲነበብ ይንቀራፈፋል»

ወደ ሁለቱ የአልማዝ አንቀጾች ተመለሱና «ነበር»ን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ላይ ሦስት፣ ሁለተኛው ላይ አንድ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይዘጋል። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ።

«ነበር»ን ለልማድና ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ላለፈ ነገር ቆጥቡት። «ከቤት ወጥቶ ነበር፤ ታክሲ ይጠብቅ ነበር፤ ዝናብ ጀምሮ ነበር» ከምትሉ፣ «ከቤት ወጣ። ታክሲ ሳያገኝ ዝናብ ጀመረ» በሉ።

ሌላው በሽታ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ…» አንባቢው ዋናውን ግስ እስኪያገኝ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። «እሱ» እና «እሷ»ም ሲበዙ ያንቀራፍፋሉ። «ወጣች» ካላችሁ ማን እንደወጣች ግሱ ራሱ ተናግሯል። እንግሊዝኛ የሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ይኼ ይብሳል።

ሁሉንም የሚይዘው መድኃኒት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ አራት ነጥብ አስገቡ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ለጆሮም ጭምር እንደሚጻፍ ያውቃል። ቤት ውስጥ ሰው ካለና ካፈራችሁ መታጠቢያ ቤት ግቡ። እኔ አድርጌዋለሁ።

«ገጸ ባህሪዎቼ ዜና የሚያነቡ ይመስላሉ»

«እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው።» ወንድም ለወንድሙ እንዲህ አይልም፤ ያውቀዋላ! ጸሐፊው ለእኛ ሊነግረን የፈለገውን በልጁ አፍ አስገብቶት ነው። መረጃውን ወይ በትረካው ንገሩን፣ ወይ በጭቅጭቅ አውጡት፦ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሐውልቱን እንኳ አላሠራህም!»

ሰላምታውንም ዝለሉት። እኛ ሰላም ስንባባል ግማሽ ገጽ ያልቃል። ወሬው መሃል ግቡ።

ደግሞ አማርኛ በነጻ የሰጠን አንድ ሀብት አለ፦ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። አማቷን ሁልጊዜ «እርስዎ» ስትል የኖረች ምራት አንድ ጠዋት «አንቺ» ካለች፣ «በቁጣ ተናገረች» ብላችሁ መጨመር አያስፈልጋችሁም። ምን ያህል እንደመረራት ማንም ይገባዋል።

ለልምምድ ታክሲ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ግማሹን ብቻ ስለምትሰሙ ሌላውን ግማሽ ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ።

«መጨረሻው ተበላሸ»

ወይ ከእንቅልፉ ይባንናል፣ ወይ መኪና ይገጨዋል። ሁለቱም ጸሐፊው መውጫ ሲያጣ የሚዘላቸው አጥሮች ናቸው። መጀመሪያ የመጨረሻውን አንቀጽ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከዚያ በፊት አልቋል። ካላለቀ ደግሞ ወደዚያች አንድ መስመር ተመለሱ። ማህተሙ ተመታ ወይስ አልተመታም?

ፊደል

አንድ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላ ቦታ «ጸሀይ»። አንዱን ምረጡና ጽኑ። የሰው ስም ላይ ይብሳል። «ሠናይት» ብላችሁ ጀምራችሁ «ሰናይት» ካላችሁ ሁለት ሴቶች ይመስላሉ።

«ሁሉም አሪፍ ነው ይሉኛል፣ ማንም ግን አልጨረሰውም»

ይሉኝታ ነው። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ከ«አሪፍ ነው» ሌላ መልስ አታገኙም። ጥያቄው ራሱ ያንን ይጋብዛል። የሚሻለው «የቱ ጋ አቆምክ?» ነው። ሰው አስተያየት ለመስጠት ቢያፍርም የት እንዳቆመ ለመናገር አያፍርም።

ለእህቴ አንድ ታሪክ ሰጥቻት አሪፍ ነው አለችኝ። የቱ ጋ እንዳቆመች ጠየቅኳት። «ኧረ አላቆምኩም! ሦስተኛው ገጽ ላይ ብቻ ወጡ እንዳያርብኝ ተነሳሁ፣ በዚያው ረሳሁት።»

ሦስተኛውን ገጽ ገልጬ አየሁት። ዝናብ ይዘንባል። ከላይ እስከ ታች ዝናብ ብቻ።