ግሬተር ኖይዳ ለምትገቡ፦ ከቤቱ በፊት አከራዩን እዩ

ግሬተር ኖይዳ ህንድ ውስጥ ከዴልሂ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለች፣ በፕላን የተሠራች ከተማ ናት። ወደ አግራ የሚወስደው 165 ኪሎ ሜትር የያሙና ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መንገዷ ሰፊ፣ ዩኒቨርሲቲዎቿ ብዙ ናቸው። እኛም በብዛት የምንመጣው ለትምህርት ነው።

የአዲስ አበባው አውሮፕላን ዴልሂ ተርሚናል 3 ያወርዳችኋል። በሜትሮ መምጣት ይቻላል፤ ግን ባቡሩ ደጋግሞ ስለሚቀየር ሻንጣ ይዛችሁ አትሞክሩት። የመጀመሪያውን ቀን ታክሲ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቤት ኪራይ እንምጣ። ሰፈሮቹ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ እየተባሉ ይጠራሉ። ደላላው ክፍሉንና በረንዳውን ያሳያችኋል። እናንተ ግን አስቀድማችሁ አከራዩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ፎርም ሲ (በአዲሱ ስሙ ፎርም 3) ትሞላልኛለህ?» ህንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሰው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ፎርም በኢንተርኔት ማስገባት አለበት። እናንተ ደግሞ ቪዛችሁ ከ180 ቀን በላይ ከሆነ በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ በውጭ ዜጎች መዝጋቢው ቢሮ፣ በኤፍአርአርኦ፣ መመዝገብ ይጠበቅባችኋል። ይህም በኢንተርኔት ነው የሚጀመረው። አድራሻችሁ በማስረጃ ካልተደገፈ ምዝገባው ይጓተታል፣ ቀኑ ሲያልፍ መዘዙ የእናንተ ነው። የባንክ ሂሳብና ሲም ካርድ ስታወጡም ወረቀታችሁን ያያሉ። ስለዚህ «ኋላ እንሞላዋለን» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት። ውሉ ብዙ ጊዜ የ11 ወር ነው። የዲፖዚቱ አመላለስ በጽሑፍ ይግባበት፤ ስትገቡም የግድግዳውን፣ የቧንቧውንና የዕቃውን ፎቶ አንሱ።

አንዳንዱ አከራይ ቆዳችሁን አይቶ ብቻ «አላከራይም» ይላል። ያማል፤ አትከራከሩት፣ ሌላ ፈልጉ። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. አፍሪካውያን ተማሪዎች እዚህ ከተማ ውስጥ በሰዎች መንጋ ተደብድበዋል። ይህን አውቃችሁ ኑሩ። ማታ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ስልክ ያዙ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ 112 ነው።

የበሬ ሥጋ ነገር ቀልድ አይደለም። ላም ማረድ በዚህ ግዛት በሕግ የተከለከለ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዳድሪ አጠገብ አንድ ሰው የበሬ ሥጋ ቤቱ አለ ተብሎ በተወራ ወሬ ተገድሏል። ከአገር ቤት ቋንጣ አታምጡ። ዶሮና የፍየል ሥጋ እንደ ልብ አለ።

ለጿሚ ደግሞ አገሩ የተመቸ ይመስላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቬጅ» ማለት ሥጋ የለውም ማለት እንጂ የጾም ማለት አይደለም። የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክትም ወተትና ቅቤ የለበትም አይልም። ምግብ ቤት ገብታችሁ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና ፓኒር የሚሉት አይብ እንዳይገባበት በግልጽ ንገሩ። ቤት ማብሰሉ ይሻላል። ቤሰን የሚሉት የሽምብራ ዱቄት ጥሬ ስለሆነ ለስለስ ባለ እሳት ቁሉትና በርበሬ ጨምሩበት፣ ሽሮ ይሆናል። ማሱር ቀይ ምስር ነው። ራጊ ደግሞ የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ዱቄቱ ከተብላላ እንጀራ ይወጣዋል። አብሽና ጥቁር አዝሙድ ሱቁ ሁሉ አለ። በርበሬና ኮረሪማ ግን ከቤት ይዛችሁ ኑ።

ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጭሱ ይመጣል፣ እስከ ጥር ይቆያል። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱንና ጥሩ ማስክ አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ቤተ ክርስቲያን ለናፈቃችሁ ኦርቶዶክሶች፣ ዴልሂ ሃውዝ ካስ ሰፈር ማላንካራ የሚባሉት የህንድ ኦርቶዶክሶች የቅድስት ማርያም ካቴድራል አለ። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ ናቸው። አማኞቹ በብዛት ከደቡብ ህንዷ ኬረላ የመጡ ናቸው፤ በወላጆቻችን ጊዜ አገራችን መጥተው ሂሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት ብዙዎቹ መምህራን ከዚያው ክፍለ ሀገር ነበሩ። ለመሄድ ግሬተር ኖይዳ ካለው የፓሪ ቾክ ሜትሮ ጣቢያ በአኳ ላይን መስመር እስከ ሴክተር 51፣ በእግር ወደ ሴክተር 52፣ በሰማያዊው መስመር እስከ ቦታኒካል ጋርደን፣ ከዚያ በማጀንታው መስመር ሃውዝ ካስ። ረጅም መንገድ ነው፤ ማልዳችሁ ውጡ።