የጓሮ መዋኛ ገንዳ ከመትከልዎ በፊት መሬቱን ያስተካክሉ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ ያለው ቤት ይዞ ልጆች የሚያሳድግ ወገናችን ሁሉ፣ የግንቦት ወር መጨረሻ ሲቃረብና ሙቀቱ ሲጀምር የመዋኛ ገንዳ ጥያቄ ከልጆቹ ይቀርብለታል። ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚሠራው ገንዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠይቅ፣ ብዙው ሰው የሚመርጠው በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ከመሬት በላይ በብረት ቧንቧ የሚቆመውን ገንዳ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ጠዋት ገጣጥመው ከሰዓት በኋላ የሚዋኙበት ያስመስለዋል። ቧንቧውን መገጣጠም በእርግጥ ከሁለትና ሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ መሬቱን ማስተካከል ግን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሊፈጅ ይችላል።

ለምሳሌ እንዲሆነን ብዙ ሰው የሚገዛውን፣ ወርዱ 15 ጫማ፣ ቁመቱ 48 ኢንች የሆነውን ክብ ገንዳ እንውሰድ። ይህ ገንዳ እስከ ልኩ ሲሞላ 4,440 ጋሎን ገደማ፣ ማለትም ወደ 17 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ሣርዎ ላይ የሚያርፈው ሸክም 17 ቶን ያህል ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ጥንቃቄ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ክብደት ነው።

አካፋ ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ስልክ ይደውሉ። የመጀመሪያው ለካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ነው፤ ከ24 ኢንች በላይ ውኃ የሚይዝ ገንዳ በብዙ ቦታ ፈቃድና አጥር ይጠይቃልና። የመኖሪያ አካባቢው ማኅበር ካለም የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛው ስልክ 811 ነው። ያለ ክፍያ ባለሙያ መጥቶ ከመሬት በታች የተቀበረውን መስመር በቀለምና በትንንሽ ባንዲራ ያመለክትልዎታል፤ ቀይ የኤሌክትሪክ፣ ቢጫ የጋዝ፣ ሰማያዊ የውኃ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት፣ አረንጓዴ የፍሳሽ መስመር ነው። ሥራው ጥቂት የሥራ ቀናት ስለሚወስድ ዓርብ ማታ ደውሎ ቅዳሜ መቆፈር አይቻልም።

ቦታ ሲመርጡ ቀና ብለው ወደ ላይም ይመልከቱ፤ ገንዳ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አይተከልም። ከዛፍ ሥር ያለው ጥላ ለዓይን ቢያምርም፣ ቅጠሉ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ሥሩም የገንዳውን ላስቲክ ከታች ይገፋል። ከወጥ ቤት መስኮት በግልጽ የሚታይ ቦታ ካለ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን እሱን ይምረጡ።

አሁን ወደ መሬቱ እንግባ። በመረጡት ቦታ መካከል ችካል ይምቱና ሲባጎ ያስሩበት፤ ከዚያ ሲባጎውን በ8 ጫማ ተኩል ላይ ይዘው እየዞሩ በኖራ ወይም በቀለም ክብ ያስምሩ። ገንዳው ራሱ ከመካከል እስከ ዳር 7 ጫማ ተኩል ስለሆነ፣ የቀረው አንድ ጫማ ለእግሮቹና ለመላወሻ ያገለግላል። በክቡ ውስጥ ያለውን ሣር ከነሥሩ ገፍፈው ያውጡት። ሣሩን ሳይገፍፍ ሸራ ያነጠፈ ሰው፣ ሥሩ በበሰበሰ ቁጥር መሬቱ ከታች እየሟሸሸ ሲሄድ ያያል። በተለይ መልኩ እንግጫ የሚመስለው፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን የሆነው አረም ካለ በእጅ ጭምር ለቅመው ይጨርሱት፤ ሹል ቡቃያው ላስቲክ በስቶ ይወጣልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ ልክ ነው። አንድ ሜትር በማይሞላ የእጅ ውኃ ልክ 15 ጫማ መለካት ለስሕተት ይዳርጋል። እዚህ የሚጠቅመን አገር ቤት ግንበኛ የሚሠራበት የቱቦ ውኃ ልክ ነው። ከ20 ጫማ ያላነሰ ቀጭን የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ገዝተው፣ በውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቅቀው ውኃ ይሙሉት። አንዱ ሰው የቱቦውን ጫፍ ከመካከሉ ችካል ጋር አስጠግቶ ይያዝ፤ ሌላው ሁለተኛውን ጫፍ ይዞ በክቡ ዳር ስምንት ቦታ ላይ እየቆመ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከመሬቱ ስንት ኢንች ከፍ እንዳለ በሜትር ይለካ። በየመለኪያው የመካከሉ ውኃ ወደ መጀመሪያው ምልክት መመለሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነበት ቦታ ከፍ ያለ መሬት ነው፤ መቆፈር ያለበትም እሱ ነው። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ያለው ልዩነት ከግማሽ ኢንች በታች እስኪወርድ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ከፍ ያለውን መቆፈር እንጂ ዝቅ ያለውን መሙላት አይገባም የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያውን ገንዳ ስተክል ጓሮዬ ወደ አጥሩ ያዘነበለ ስለነበር፣ ከላይኛው በኩል ያወጣሁትን አፈር ወደ ታችኛው በኩል አፍስሼ በእግሬ ረጋግጬ፣ ውኃ ልኩም ትክክል መሆኑን አይቼ ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በአጥሩ በኩል ውኃው ከአፉ ሊደርስ ሲቃረብ በቤቱ በኩል ግን አራት ጣት ጎድሎ፣ የታችኞቹ እግሮች ወደ ውጭ ተንጋደው አገኘኋቸው። ገንዳው ከመፈንዳቱ በፊት ለማስተንፈስ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ፤ ውኃው በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ ጎረቤቴ የጽጌረዳ መደብ ሲገባ፣ ሰውየው ምንም ሳይናገር ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መሬቱ ከተስተካከለ በኋላ በእያንዳንዱ እግር ማረፊያ አንድ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ንጣፍ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይቅበሩ፤ ያለ እሱ ቀጭኑ እግር ዝናብ በጠጣ ሸክላ አፈር ውስጥ እንደ ችካል ይሰምጣል። ከዚያም ጠጠሩን በእጅዎ እየዳበሱ ይልቀሙና የመሬት ሸራውን ያንጥፉ። አሸዋ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፤ በእኔ አስተያየት ኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ በሚዘንብበት በዚህ አካባቢ አሸዋው ከሥሩ ታጥቦ ስለሚሄድ ትርፉ ድካም ነው።

መገጣጠሙን በአጭሩ ልለፈው። ላስቲኩን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ዘርግተው ያለስልሱት፤ መሬት ለመሬት አይጎትቱት፤ ፓምፑ የሚገጠምበት የውኃ መውጫም ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬቱ በኩል መዞሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። አግዳሚ ቧንቧዎቹን በላስቲኩ አፍ ባለው እጥፋት ውስጥ አስገብተው፣ እግሮቹን በየማያያዣው ይግጠሙ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሦስት ሰው ቢኖር ግን አይጣላም።

ሲሞሉ አንድ ኢንች ያህል ውኃ ካስገቡ በኋላ ቧንቧውን ዘግተው፣ በባዶ እግርዎ ገብተው ከመካከል ወደ ዳር እየገፉ የወለሉን መጨማደድ ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ክብደቱ ስለሚይዘው አይንቀሳቀስም። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ለማወቅ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ይሙሉ፤ በ30 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ጋሎን ይወርዳል ማለት ነውና 7 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ውኃው አንድ ጫማ ሲደርስ በዙሪያው በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ኢንች ካለፈ፣ ቢያሳዝንም አፍስሰው እንደገና ይጀምሩ፤ በዚያ ሰዓት የሚፈሰው 1,300 ጋሎን ገደማ ነው፣ ከሞላ በኋላ ግን ከአራት ሺህ በላይ ነው።

ፓምፑ የሚሰካበት ሶኬት ጂ ኤፍ ሲ አይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ ወዲያውኑ የሚቆርጠው ዓይነት መሆን አለበት፤ ከገንዳውም ቢያንስ 6 ጫማ ይራቅ። በማራዘሚያ ገመድ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ሶኬቱ ከሌለ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስገባልዎ። በሰዓት 1,000 ጋሎን የሚገፋ ፓምፕ ውኃውን አንድ ጊዜ አዙሮ ለማጣራት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በሙቀት ወራት በቀን ሁለት ጊዜ እንዲዞር ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያሠሩት።

ውኃውን በመመርመሪያ ወረቀት ይፈትሹ። መጀመሪያ ፒ ኤች የሚባለው የውኃው የአሲድነት መለኪያ ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል ይስተካከል፤ ከፍ ካለ ክሎሪኑ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ክሎሪኑ ከሚሊዮን ከ1 እስከ 3 እጅ ይሁን። የፀሐይ ብርሃን ክሎሪን ስለሚያጠፋ፣ ብዛት ያለውን ክሎሪን ማታ ይጨምሩ። የክሎሪን እንክብሉን ውኃ ላይ በሚንሳፈፈው ዕቃው ውስጥ ያድርጉት፤ ወለል ላይ ከተጣለ ላስቲኩን ያነጣዋል። መድኃኒት ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በመድኃኒት ላይ አይፈስም፤ ሁለት ዓይነት ክሎሪን መቀላቀልም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ስለ ልጆች ይህን ያህል ልበል። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት መስጠም ነው። ሰው ከገንዳው በወጣ ቁጥር መሰላሉን አንሥተው ይቆልፉበት፤ አሻንጉሊትም ውኃው ላይ አይተዉ፤ ፓምፑም ልጅ እንደ ደረጃ በሚረግጠው ቦታ አይቀመጥ። የበለጠ የሚያሰጋው ግን ባዶ ቤት ሳይሆን እንግዳ የሞላበት ቤት ነው። ክርስትና ወይም ልደት ተብሎ ሃያ ትልቅ ሰው በጓሮ ሲቀመጥ፣ ቡና ሲፈላና ጨዋታው ሲደራ፣ እያንዳንዱ ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ስም ጠርተው፣ «አንቺ እስከ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ እሱ» ብለው ተራ ይስጡ፤ ተራው የደረሰም ስልኩን ያስቀምጥ።

መስከረም ገብቶ የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን (ሌበር ዴይ) ካለፈ በኋላ፣ ውርጭ ሳይመጣ ገንዳው ይፈርሳል። ክሎሪን መጨመር አቁመው በመመርመሪያው ላይ እስኪጠፋ ጥቂት ቀናት ይጠብቁ፤ ከዚያ ወደ መንገድ ዳር የዝናብ ውኃ መውረጃ ሳይሆን ቀስ እያለ ወደ ሣርዎ ይፍሰስ። ላስቲኩ በደንብ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል፣ አይጥ ባለበት ጋራዥ ከተቀመጠም ይበላል፤ ክዳን ባለው ትልቅ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት። የእግሮቹን ንጣፍ ግን ከመሬቱ አያውጡ፤ በሚመጣው ግንቦት በቱቦው አንድ ጊዜ ለክተው በዚያው ላይ ይተክላሉ።