የሁለት ትምህርት ቤት ልጆችን በአንድ ኦርኬስትራ ለማጫወት

የደብረ ማርቆስና የደጀን ልጆችን አንድ ላይ ልታጫውቱ ነው? መጀመሪያ ዋሽንቱን ስሙ። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ አይቀየርም፣ ስለዚህ ክራሩም ማሲንቆውም ወደ እሱ ይቃኛሉ እንጂ እሱ ወደ እነሱ አይመጣም። ሁለቱ ዋሽንቶች ካልተስማሙ አንዱን ምረጡ። ሌላው ልጅ የሚገጥም ዋሽንት እስኪያገኝ ከበሮ ይያዝ፤ እንዳይከፋው ግን ምክንያቱን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ልጅ እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

ከ4ቱ የአገራችን ሙዚቃ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ) በትዝታ ጀምሩ። አንቺሆዬ ይቆይ።

አቀማመጡ ላይ ጠንከር በሉ። በትምህርት ቤት ተለይተው ከተቀመጡ ሁለት ቡድን ነው የሚሆኑት፤ የማርቆሱ ክራር መቺ ከደጀኗ ክራር መቺ ጎን ይቀመጥ፣ ጣቷን እያየ ይከተላታል። የክራር ክር ቶሎ ይላላል፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀመር እንደገና አስቃኙ።