ስልክ ላይ የተቀመጡ ፓስወርዶችንና የግል መረጃዎችን እንዴት ማጽዳት ይቻላል?

አካውንት በከፈቱ ቁጥር ስልኩ «ፓስወርዱ ይቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጣት እንደለመደው «አዎ» ይነካል። በጊዜ ብዛት የተረሱ አካውንቶች፣ የቀድሞ አድራሻና ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይጠራቀማሉ። ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ስልኩ የያዘው ግልባጭ ነው። እዚህ ቢሰርዙትም ቢያስተካክሉትም ድረ ገጹ የሚያውቀው ፓስወርድ ንቅንቅ አይልም።

መጀመሪያ የስክሪን መቆለፊያውን ይመልከቱ። የተቀመጡት ፓስወርዶች ብዙውን ጊዜ የሚከፈቱት ስልኩን በሚከፍተው ፒን ነው። አሻራ ቢጠቀሙም፣ አሻራው እምቢ ሲል የሚጠየቁት ያንኑ ፒን ነው። ፒንዎን ለስልክ ጠጋኝ ነግረው ከሆነ ዝርዝሩን በሙሉ አስረክበዋል ማለት ነው። ይቀይሩት፤ ቢያንስ 6 አኃዝ ይሁን፤ የልደት ዓመትና ቀን ግን አይሁን።

አንድሮይድ ላይ፦

1. ክሮምን ከፍተው ሦስቱን ነጥቦች ይንኩ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው «ጉግል ፓስወርድ ማናጀር»ን ይምረጡ። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች» እና «የይለፍ ቃል» የሚሉትን ይፈልጉ።
2. «ቼክአፕ» የሚለውን ያስጀምሩ። የሾለኩ፣ በብዙ ቦታ የተደጋገሙና ደካማ የሆኑ ፓስወርዶችን ለይቶ ያሳያል። ከሾለኩት ይጀምሩ፤ ደካሞቹ ይደርሳሉ።
3. የማይፈልጉትን አካውንት ከዝርዝሩ ነክተው ያጥፉ።

አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ «ፓስወርድስ» ራሱን የቻለ አፕ ሆኗል፤ በቀደሙት ስሪቶች ሴቲንግስ ውስጥ ነው። የተሰረዘው ለ30 ቀን «የተሰረዙ» በሚለው ክፍል ስለሚቆይ በስህተት ቢያጠፉ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፓስወርድ ሲቀይር ነው። የማስተካከያዋን የእርሳስ ምልክት ይነካና ዝርዝሩ ላይ አዲሱን ይጽፋል፤ ድረ ገጹ ግን አሮጌውን እየጠበቀ ነው፤ በቀጣዩ ቀን «ፓስወርድዎ ትክክል አይደለም» ይላል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፦ ድረ ገጹ ወይም አፑ ውስጥ ይቀይሩ፣ ከዚያ ስልኩ «ይታደስ?» ሲል ይቀበሉ። ለአንድ አካውንት ሁለት መዝገብ ካገኙ አንዱ አሮጌ ነው። በየትኛው መግባት እንደሚቻል ሞክረው ሌላውን ያጥፉ።

አድራሻና ካርድ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ ላይ አድራሻና የክፍያ ዘዴ የሚሉትን ለየብቻ ይክፈቱ፤ አይፎን ላይ የሳፋሪ ሴቲንግ ውስጥ «አውቶፊል» ይባላል። እዚህ በደንብ መታየት ያለበት ስልክ ቁጥሩ ነው። የቀድሞ ቁጥርዎ ካልጠፋ ቅጹን እሱ ይሞላዋል፤ እርስዎም ሳያዩ ይልካሉ፤ የማረጋገጫ ኮዱ ሲም ካርዱን አሁን ለያዘው ሰው ይሄዳል።

ኪቦርዱም ያስታውሳል። በስህተት የጻፉት ኢሜይል እየደጋገመ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ላይ ከፊደሎቹ በላይ ብቅ ያለውን ቃል ተጭነው ይያዙና ወደሚታየው የቆሻሻ ቅርጫት ይጎትቱት።

ከማጥፋትዎ በፊት ቅጂ ለማስቀመጥ ፓስወርዶቹን ወደ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ፋይሉ ሲኤስቪ ነው፤ ምንም ቁልፍ የሌለው ተራ ጽሑፍ። ቴሌግራም ላይ ለራስዎ አይላኩት፤ ሥራዎን ሲጨርሱ ከዳውንሎድ ማኅደርም ከቆሻሻ ቅርጫትም ያጥፉት። በአንድ አካውንት የተያያዙ ስልክና ኮምፒውተር ካለዎት፣ ከአንዱ የሰረዙት ከሌላውም እንደሚጠፋ አይርሱ።

ዘወትር ራሱ የሚሞላው ፓስወርድ አንድ ቀን አልሞላ ካለ፣ ከዝርዝሩ ገልብጠው ለመለጠፍ አይቸኩሉ። ስልኩ የሚያነጻጽረው የገጹን መልክ ሳይሆን አድራሻውን ነው፤ አንድ ፊደል የተለወጠበት የአጭበርባሪ ገጽ እርስዎን ቢሸውድ እንኳ ስልኩን አይሸውደውም። አድራሻውን ፊደል በፊደል ያንብቡ።

የቀረው የዋናው አካውንት፣ ማለትም የጉግል ወይም የአፕል አካውንትዎ፣ ፓስወርድ ነው። ዝርዝሩን የሚከፍተው እሱ ስለሆነ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ ስልኩ ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወረቀት ላይ ይጻፉት። በጉግል አካውንትዎ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ካበሩ፣ እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ ያላቸው 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ይችላሉ፤ አንዱ ኮድ አንዴ ብቻ ይሠራል። እነሱንም ወረቀቱ ላይ ጨምረው ከስልኩ ርቆ በሚቀመጥ ቦታ ያኑሯቸው።